በቅንፍ የቀረው 6,700,417፦ ከድሬዳዋ ታይዋን ስለገዛሁት ካልኩሌተር

ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ለዓመታት ያገለገለኝ ካልኩሌተር የ«እኩል ይሆናል» ቁልፉ አንዴ ተጭኖ አልመለስ ስላለኝ ሌላ ለመግዛት ታይዋን ገባሁ። የድሬዳዋ ሰው ታይዋንን ያውቀዋል፤ ለእንግዳ አንባቢ ግን በጠባብ መተላለፊያዎች ግራና ቀኝ ከስልክ ቀፎ እስከ ሽቶ፣ ከልብስ እስከ ጁስ መፍጫ የሚሸጥበት የከተማችን ገበያ ነው። እኔ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን ማታ ማታ ሒሳብ አስጠናለሁ፤ ስለዚህ ይህን ግምገማ የጻፍኩት ዕቃውን ከካርቶኑ አውጥቼ እንዳየሁት ሳይሆን፣ አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን በእኔና በተማሪዎቼ እጅ ሲዞር ከቆየ በኋላ ነው።

የአምራቹን ስም አልጠቅስም። ገበያው ውስጥ ዋናውና ፎርጂዱ አንድ ዓይነት ካርቶን ለብሰው ጎን ለጎን ስለሚደረደሩ፣ በስም ማመስገንም ሆነ መውቀስ ለማንም ፍትሐዊ አይሆንም። ለገዢ የሚጠቅመው ስሙ ሳይሆን አንድ ቁልፍ ነው፤ እሱም ሙሉ ቁጥርን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት፣ ማለትም ከ1 በልጠው ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ ወደማይካፈሉት፣ ተማሪዎቼ «ፕራይም» ወደሚሏቸው፣ የሚበትነው ቁልፍ ነው። ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ሁሉ ሳይን፣ ኮሳይንና ሎጋሪዝም አለው፤ ይህ ቁልፍ ግን በሁሉም ላይ አይገኝም፤ ያለበትም ቢሆን እንዴት እንደሚሠራ ሳይመረምሩ መግዛት ተገቢ አይመስለኝም።

ካልኩሌተር ስገዛ ሁልጊዜ የምፈትንበት አንድ ቁጥር አለኝ፤ እሱም 4,294,967,297 ነው። ለማግኘት ቀላል ነው፤ ከ2 ተነስቶ አምስት ጊዜ በራሱ በራሱ እያባዙ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536፣ 4,294,967,296 ድረስ መሄድ፣ በመጨረሻም 1 መደመር ብቻ ነው። በሌላ አጻጻፍ 2³² + 1 ማለት ነው። ልክ አሥር አኃዝ ስላለው የአብዛኞቹን ሳይንቲፊክ ካልኩሌተሮች መስኮት ጥግ እስከ ጥግ ይሞላል፤ አንድ አኃዝ እንኳ የሚያጎድል መሣሪያ ወዲያውኑ ይታወቃል። ከሁሉም በላይ ግን መልኩ አታላይ ነው፤ በ7 ያልቃል፣ በትናንሾቹ ብቸኛ ቁጥሮች በአንዳቸውም አይካፈልም፣ ሰውም መሣሪያም ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ እንዲያልፈው ይጋብዛል።

የተታለለው ደግሞ ተራ ሰው አይደለም። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 አካባቢ በዚሁ መንገድ የሚሠሩትን 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537ን አይቶ፣ አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች በመሆናቸው ቀጣዮቹም ሁሉ እንደዚያው ናቸው ብሎ አመነ። ቀጣዩ ይህ የእኔ ቁጥር ነበር። ሴንት ፒተርስበርግ ይኖር የነበረው ሌዎንሃርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 ቁጥሩ 641 × 6,700,417 መሆኑን አሳየ፤ የፌርማም ግምት እዚያው ቆመ። ከኦይለር በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1804 አሜሪካ የተወለደው ዜራ ኮልበርን፣ በስሌት ችሎታው ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ይታይ የነበረ ሕፃን፣ ይህንኑ ቁጥር ሲጠይቁት በቃሉ በትኖ 641ን እንዳገኘ ተመዝግቧል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ከዕድሜው ይልቅ ወረቀት አለመያዙ ነው የሚያስገርማቸው።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ካርቶኖች ከመሬት እስከ ጣሪያ የተደረደሩበት፣ ፊቱ የመስታወት ሣጥን የሆነ፣ ሁለት ገዢ ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ሦስት ካልኩሌተሮች መስታወቱ ላይ ደርድሮ፣ «አቦ፣ መምህር፣ ክፈትና ሞክራቸው፤ ሳይሞከር የሚገዛ ዕቃ የለም» አለኝ። ይህን ማለቱ ብቻ ሌላ ቦታ እንዳልሄድ አደረገኝ፤ ከዚያ በፊት የገባሁበት ሱቅ ፕላስቲኩን መቅደድ ክልክል ነው ብሎኝ ነበርና።

የመጀመሪያው ስምንት አኃዝ ብቻ የሚይዝ ስለነበር 42949672 ላይ ቆመ፤ የቀሩትን 9 እና 7 ደጋግሜ ብጫንም አልተቀበለም። ሁለተኛው 65,536ን በራሱ አባዝቶ 1 ሲደመርበት ትክክለኛውን አሥር አኃዝ አወጣ፤ የመበተኛ ቁልፍ ግን የለውም። በሦስተኛው ላይ ቁጥሩን ጽፌ «እኩል ይሆናል»ን ተጫንኩ፤ ከዚያ «ሺፍት» የሚለውን፣ ቀጥሎም ከላዩ በቢጫ ቀለም «ፋክት» ተብሎ የተጻፈበትን የዲግሪና የደቂቃ ቁልፍ ነካሁ። መስኮቱ ለቅጽበት ባዶ ሆኖ ቆየና እንዲህ የሚል መልስ ወጣ፦ 641 × (6700417)። ባለሱቁ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «ቅንፉ ምንድነው? ተበላሽቷል እንዴ?» አለኝ። አለመበላሸቱን ነግሬው፣ 1,500 ብር ያለኝን በ1,300 ተስማምተን ገዛሁት።

ባለሱቁ ብልሽት ነው ብሎ የጠረጠረው ቅንፍ በእኔ እምነት የዚህ ዕቃ ትልቁ ዋጋ ነው። መሣሪያው ቁጥር ሲበትን ከ2 እስከ 997 ባሉት 168 ብቸኛ ቁጥሮች እያካፈለ ይሞክራል። ከ997 ቀጥሎ የሚመጣው ብቸኛ ቁጥር 1,009 ስለሆነ፣ ተካፍሎ ተካፍሎ የተረፈው ከ1,009 ካሬ፣ ማለትም ከ1,018,081 ካነሰ በእርግጥ ብቸኛ ነው፤ ሊበተን የሚችል ቢሆን ኖሮ ከአካፋዮቹ አንዱ ከ1,009 ያነሰ ይሆንና አስቀድሞ በተገኘ ነበር። የተረፈው ከዚያ ከበለጠ ግን መሣሪያው ስለ እሱ አይመሰክርም፤ በቅንፍ ከቶ ይተወዋል። 6,700,417 ይህን ወሰን ስለሚያልፍ ቅንፍ ውስጥ ገባ። ለማነጻጸር 1,032,247ን ብትሰጡት ሙሉውን በቅንፍ ይመልሰዋል፤ እሱ ግን 1,013 × 1,019 ነው። እንግዲህ ቅንፍ ውስጥ የሚበተንም የማይበተንም ይገባል። ቅንፉ የሚለው «እስከዚህ አይቻለሁ፣ ከዚህ ወዲያ ያለውን አንተ እይ» ነው፤ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለይቶ የሚናገር መሣሪያ ለአስተማሪ ከምንም በላይ ያስፈልገዋል።

ታዲያ ከዚያ ወዲያ ያለውን እንዴት እናያለን? 6,700,417 ብቸኛ መሆኑን በተራው መንገድ ለማረጋገጥ እስከ ካሬ ሥሩ፣ ማለትም እስከ 2,588 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ማካፈል ያስፈልጋል። መሣሪያው እስከ 997 ያሉትን ስለጨረሰልን ከ1,009 እስከ 2,588 ያሉት 208 ይቀራሉ። 208 ጊዜ ማካፈል ለአንድ ምሽት የሚበዛ ሥራ ነው። ቁጥራችን 2³² + 1 መሆኑ ግን እዚህ ላይ ያግዘናል። «ሀ» የተባለ ብቸኛ ቁጥር ይህን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍል ከሆነ፣ 2³² በ«ሀ» ሲካፈል ቀሪው ከ«ሀ» በ1 ያነሰ ነው፤ ይህን በራሱ ብናባዛው 2⁶⁴ በ«ሀ» ተካፍሎ 1 ይተርፋል ማለት ነው። ኦይለር ከዚህ ተነስቶ «ሀ» ራሱ በ64 ሲካፈል 1 የሚተርፈው መሆን እንዳለበት አረጋገጠ፤ ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ሉካስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1878 ያንን 64 ወደ 128 አሳደገው። ስለዚህ የምንፈልጋቸው ከ128 ብዜቶች በ1 የሚበልጡትን ብቻ ነው፤ ከ1,009 እስከ 2,588 ድረስ እንዲህ ያሉት ከ1,025 እስከ 2,561 አሥራ ሦስት ናቸው።

እነዚህን አሥራ ሦስቱን መልሰን ለዚያው ቁልፍ መስጠት እንችላለን፤ ሁሉም ትናንሽ ስለሆኑ መልሱ ያለ ቅንፍ ይወጣል። 1,537 በ29 እና በ53፣ 1,793 በ11 እና በ163፣ 1,921 በ17 እና በ113 ይበተናል፤ ሌሎቹም እንዲሁ። ሳይበተኑ የሚቀሩት 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው። በዚህ ዓይነት 208 ማካፈል ወደ ሁለት ወረደ። ይህን ትምህርት በሰጠሁበት ምሽት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ካልኩሌተሩን ከእጄ ተቀብላ 6,700,417ን በ1,153 አካፈለችና፣ «ቲቸር፣ ነጥብ አለው» አለችኝ፤ ያየችው 5811 ከነጥብ በኋላ ብዙ አኃዝ አስከትሎ ነበር። በእጅም እንድትሠራው ነገርኳት፤ 1,153 × 5,811 = 6,700,083፣ ቀሪው 334 ሆነላት። በ1,409 ደግሞ ድርሻው 4,755፣ ቀሪው 622 መጣ። ይህን እንደጨረሰች ደብተሯ ላይ ከመስኮቱ እንዳለ ገልብጣው የነበረውን 641 × (6700417) ተመልክታ፣ ማንም ሳይነግራት ቅንፉን በላጲስ አጠፋችው።

በአንጻሩ መልሱን ሙሉ በሙሉ ያለ ቅንፍ የሚያወጡ መሣሪያዎች አሉ፤ ለመሐንዲስ ወይም ለሒሳብ ሠራተኛ እነሱ ይሻሉ ይሆናል። ለማስተማር ግን ይህኛው ከእነሱ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ይህን የምለውም አማራጭ ስላጣሁ አይደለም።

የስልክ መተግበሪያዎችንም ሞክሬአለሁና ስለ እነሱ አንድ ነገር ልናገር። አንድ ተማሪ ስልኩ ላይ ቁጥር ብቸኛ መሆን አለመሆኑን የሚለይ መተግበሪያ ጭኖ መጣ፤ 4294967297ን ጽፎ ሲጠይቀው «ብቸኛ አይደለም» አለው። መልሱ ትክክል ስለነበር ሁላችንም ተቀበልነው። ቀጥሎ አካፋዮቹን እንዲዘረዝር ሲጠይቀው ግን 1ን ብቻ አሳየ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው፤ ቁጥርን በ32 ቢት ቦታ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም የሚቆጥረው እስከ 4,294,967,295 ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ 0 ይመለሳል፤ የእኛ ቁጥር ደግሞ ከ2³² በ1 ስለሚበልጥ መተግበሪያው የተረዳው 1 የሚለውን ብቻ ነበር። 1 ብቸኛ ቁጥር ስላልሆነ መልሱ ባጋጣሚ ከእውነቱ ጋር ገጠመ። ወሰኑን ሲያልፍ ዝም ብሎ ሌላ ቁጥር የሚያሰላ መሣሪያና ወሰኑን ሲያልፍ ቅንፍ የሚያበጅ መሣሪያ በምንም መልኩ አይወዳደሩም።

ኦይለር ያገኘው 641 ራሱ ብዙ የሚያጫውት ቁጥር ስለሆነ፣ መሣሪያው 641ን ብሎ ሲያቆም እኔ ሁልጊዜ «ለምን 641?» ብዬ እጠይቃለሁ። 641 በሁለት መንገድ ይጻፋል፤ አንደኛው 5 × 2⁷ + 1፣ ሁለተኛው 5⁴ + 2⁴ ማለትም 625 + 16። ከመጀመሪያው የምንረዳው 5 × 2⁷ ለ641 አንድ የጎደለው መሆኑን ነው፤ አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ጉድለቱ ተጣፍቶ 5⁴ × 2²⁸ በ641 ተካፍሎ 1 ይተርፈዋል። ከሁለተኛው ደግሞ 5⁴ ለ641 የጎደለው 2⁴ ብቻ መሆኑን እናያለን፤ ስለዚህ 5⁴ን በዚያ ጉድለት ብንተካው 2⁴ × 2²⁸፣ ማለትም 2³²፣ በ641 ሲካፈል 1 የጎደለው ሆኖ ይገኛል። 1 ሲደመርበት ጉድለቱ ይሞላል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ አሥር አኃዝ ያለው ቁጥር አንድም ጊዜ መጻፍ አላስፈለገንም። ካልኩሌተሩ ያገኘውን ያለ ካልኩሌተር ማረጋገጥ ማለት ይህ ነው፤ ጎበዝ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በሁለት ጊዜ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ሌላው ቁጥሩ የሚወደድበት ጠባይ የካሬዎቹ ነገር ነው። አንድ ብቸኛ ቁጥር የሁለት ካሬዎች ድምር ሆኖ ሊጻፍ የሚችለው ቢበዛ በአንድ መንገድ ነው። የእኛ ቁጥር በአፈጣጠሩ 65,536² + 1² ነው፤ ካልኩሌተሩ ላይ 62,264² + 20,449² ብላችሁ ብትጽፉም መልሱ ያው 4294967297 ይመጣል። ሁለት መንገድ ተገኘ ማለት ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም ማለት ነው፤ አካፋዩን ሳናውቅ ይህን ብቻ ይዘን መፍረድ እንችል ነበር። ሁለተኛው መንገድ ከየት መጣ ለሚለኝ፣ 641 = 25² + 4²፣ 6,700,417 ደግሞ 2,556² + 409² መሆኑን አሳያለሁ። እነዚህን አራት ቁጥሮች አግድም ብናባዛቸው 25 × 2,556 + 4 × 409 በትክክል 65,536 ይሆናል፣ 25 × 409 − 4 × 2,556 ደግሞ 1 ይሆናል፤ የመደመርና የመቀነሱን ቦታ ብንለዋውጠው 62,264 እና 20,449 ይወጣሉ። እዚህ ላይ የካልኩሌተሩ የማስታወሻ ቁልፎችና ያለፈውን ስሌት ወደ ኋላ የሚመልሰው ቀስት በጣም ጠቅመውኛል፤ አንዱን ምልክት ብቻ ቀይሮ ደግሞ ማስላት ይቻላል፣ እንደ አሮጌው ሁሉን ከመጀመሪያ መጻፍ የለም።

ባትሪው ባለቀበት አንድ ምሽት ደግሞ ቁጥሩን በግዕዝ አኃዝ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍነው፦ ፵፪፼፺፬፻፺፮፼፸፪፻፺፯። የግዕዝ አኃዝ ቁጥርን ሁለት ሁለት አኃዝ እያደረገ በ፻ና በ፼ ስለሚለያይ፣ 42፣ 94፣ 96፣ 72 እና 97 የሚሉት አምስት ጥንዶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እነዚህን ስንደምር 401 ይመጣል፤ 401ንም እንደዚያው 4 እና 01 አድርገን ብንደምር 5 ይሆናል። 100 በ99 ሲካፈል 1 ስለሚተርፈው፣ ይህ ድምር ቁጥሩ በ99 ሲካፈል የሚተርፈውን ነው የሚነግረን፤ የተረፈው 5 በመሆኑ ቁጥሩ በ3ም፣ በ9ም፣ በ11ም እንደማይካፈል በአንድ ድምር ታወቀ። በጎደሎና በሙሉ ተራ ያሉትን ጥንዶች እየለያየን ብንቀንስም 69 ይመጣል፤ ስለዚህ በ101 አይካፈልም። የአባቶቻችን አኃዝ ዜሮ ባይኖረውም ለእንዲህ ያለው ፈተና ከሚጠበቀው በላይ የተመቸ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። የመበተኛው ቁልፍ ከአሥር አኃዝ በላይ አይሠራም፤ አሥራ አንደኛውን ስትጨምሩ የስህተት መልእክት ያወጣል። በተከታታዩ ውስጥ ከእኛ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣው 2⁶⁴ + 1፣ ማለትም 18,446,744,073,709,551,617 ነው፤ ይህ ሃያ አኃዝ አለው። መሣሪያው በ10 ርቢ አሳጥሮ ግምቱን ብቻ ያሳያል፤ ከዚያ ላይ 2⁶⁴ን ብትቀንሱ 1 ማለት ሲገባው 0 ይላል። ገዢዎች ይህን ማወቅ አለባቸው፤ በረጅም ቁጥር ላይ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ይጠፋሉ፣ ለዚህ ደግሞ ቅንፍም ማስጠንቀቂያም የለውም።

ሆኖም ጉድለቱን ማለፍ የሚቻልበት መንገድ አለ፤ እኔ በጣም የወደድኩት ስሌትም ይኸው ነው። ፎርቱኔ ላንድሪ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1880፣ በ82 ዓመቱ፣ ያ ባለ ሃያ አኃዝ ቁጥር 274,177 × 67,280,421,310,721 መሆኑን አገኘ። ካልኩሌተራችን ቁጥሩን ሊይዘው ባይችልም በ274,177 መካፈሉን ግን በቀሪዎች ብቻ ሊያረጋግጥልን ይችላል። 4,294,967,296ን በ274,177 ስናካፍል ቀሪው 258,768 ነው፤ ይህም ለ274,177 15,409 የጎደለው ነው። 15,409ን በራሱ አባዝተን 1 ስንደምር 237,437,282 ይመጣል። ይህን ለመበተኛው ቁልፍ ስንሰጠው 2 × 433 × 274177 ብሎ ይመልሳል። 2⁶⁴ ማለት 2³² በራሱ የተባዛው ስለሆነ፣ 2⁶⁴ + 1 በ274,177 ያለ ቀሪ ይካፈላል ማለት ነው። ልብ በሉ፣ 274,177 ዙሪያ ቅንፍ የለም፤ ከ1,018,081 ስለሚያንስ ብቸኛ መሆኑን መሣሪያው ራሱ መሰከረ። የሃያ አኃዝ ቁጥር ጉዳይ በዘጠኝ አኃዝ ተጠናቀቀ።

ስለ አካሉ ብዙ የምለው የለም። ቁልፎቹ ለጣት ይመቻሉ፤ ከላያቸው የተጻፈው ቢጫ ጽሑፍ ግን እየደበዘዘ ነው፣ «ፋክት» የሚለውም በእኔው ላይ ገሚሱ ጠፍቷል። ተንሸራታች ክዳኑ በአራተኛው ወር ጥጉ ላይ ተሰነጠቀ። የድሬዳዋን ፀሐይ ደግሞ አይወድም፤ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ባጃጅ ውስጥ ከፊት መስታወቱ ሥር ትቼው ስመለስ መስኮቱ ጠቁሮ ቁጥር አይታይበትም ነበር፤ ጥላ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ተመልሷል። የሚወስደው ትንሿን የሰዓት ባትሪ የምትመስል ክብ ባትሪ ነው፤ ሰዓት ሠሪዎች ጋ ይገኛል። መመሪያው በጣም በደቀቀ ፊደል የታተመ ነው፣ አማርኛም የለውም፤ ስለ ቅንፉ የሚናገረውን ክፍል ለተማሪዎቼ ራሴ በእጄ ጽፌ ሰጥቻለሁ።

የሱቁን አገልግሎት ግን በሙሉ ልቤ አመሰግናለሁ። ስድስት ተማሪዎቼ እዚያው ሄደው ያንኑ ዓይነት ገዙ፤ የአንዱ የ7 ቁልፍ በሁለት ጭነት አንዴ ብቻ ስለሚጽፍ ሁለት 7 ያለውን ይህን ቁጥር በትክክል ማስገባት አልቻለም ነበር። በማግስቱ ይዞት ሲሄድ ባለሱቁ ያለ ክርክር ቀየረለት። ደረሰኝ ግን ካልጠየቃችሁ አይሰጥም፤ ጠይቁ።

ለመግዛት የምትሄዱ ሁሉ ቁጥሩን መስታወቱ ላይ እንዳለ ጽፋችሁ ፈትኑት። 641 × (6700417) ካለ ይህ እኔ የገመገምኩት ዓይነት ነው፤ ያለ ቅንፍ ከመለሰ የበለጠ አቅም ያለው ነውና ዋጋው ተመጣጣኝ ከሆነ ውሰዱት፤ ቁልፉ እያለው ምንም ካልበተነ ግን ተዉት። ባለፈው ሳምንት ለአንድ አዲስ ተማሪ ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ከመስታወቱ በስተጀርባ ለጥፎት አገኘሁ፤ ገዢዎችን በእሱ እንዲሞክሩ ይጋብዛል። የጻፈው ግን 4294967296 ነበር። ይህ ሲበተን 2³² ብቻ ስለሚል ቅንፉን ፈጽሞ አያሳይም፤ እስክሪብቶ ጠይቄ የመጨረሻዋን 6 ወደ 7 አስተካከልኩለት።